ጄምስ ጁልና የዱቄቱ ሙቀት

በመርሳም ሆነ በወልድያ እህል ያስፈጨ ተማሪ ሁሉ ዱቄቱ ከወፍጮ ሞቆ እንደሚወጣ ያውቃል። እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ሲለወጥ መጠኑ ስንት እንደሆነ በልኬት ያስረዳው የእንግሊዛዊው ቢራ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል (1818–1889 እ.ኤ.አ.) ነው። ጁል በዩኒቨርሲቲ አልተማረም፤ አላስተማረምም። በ1843 አሳቡን ለሊቃውንት ጉባኤ ሲያቀርብ በዝምታ አለፉት። እርሱ ግን የሚወርድ ክብደት በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እንዲያዞር እያደረገ የውሃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ደጋግሞ ለካ። በ1850 ያሳተመው ውጤት ጉልበት ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ እንደማይጠፋ ለማረጋገጥ ረዳ። ዛሬ የጉልበት መለኪያ አሃድ በስሙ ይጠራል። የሀብሩ መምህርም ከቀመሩ አስቀድሞ ከወፍጮ ቤት ቢጀምር፣ ተማሪው ሕጉን ከመሸምደድ ይድናል።