ፎርጅዱ ሃርፒስት

ኒኮላ ሻርል ቦክሳ ሞንሜዲ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ኦገስት 9 ቀን 1789 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) ሲወለድ ባስቲል ከተሰበረ ገና ወር አልሞላውም። አባቱ ሙዚቀኛ ነበርና ልጁም ቶሎ ነው የጀመረው። በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ተማረና በ1813 የናፖሊዮን ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ሃርፕ ደርዳሪ ሆነ።

ናፖሊዮን ወደቀ፤ ቦክሳ ግን አልወደቀም። ሉዊ 18ኛ ሲነግሥ ለሱም ደረደረ። ይባስ ብሎ በአብዮቱ አንገቱ ለተቀላው ለሉዊ 16ኛ መታሰቢያ በ1816 ሬኪየም፣ ማለትም የሙታን ጸሎት ሙዚቃ አቀረበ። አድርባይ ልለው ዳድቶኝ ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን እንጀራው ከቤተ መንግሥት የሆነ ሙዚቀኛ ምን ምርጫ ነበረው?

ለቀጣዩ ግን ይሄ ምክንያት አይሠራም። በ1817 የሰው ፊርማ እያስመሰለ ፎርጅድ ሰነድ እንደሚሠራ ተነቃበትና ወደ ለንደን ፈረጠጠ። የፓሪስ ፍርድ ቤት በሌለበት 12 ዓመት ፈረደበት። ለንደን ግን ተቀበለችው፤ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ በ1823 ሲከፈት የሃርፕ አስተማሪ ሆነ። ፈረንሳይ ሚስት እያለችውም ሌላ አገባ። ወሬው ሲበዛ ከአካዳሚው ወጣ።

በ1839 ደግሞ ዘፋኟን አና ቢሾፕን ይዞ ጠፋ። ባሏ ሄንሪ ቢሾፕ ‹‹ሆም ስዊት ሆም›› የተባለውን የቤት ናፍቆት ዘፈን ዜማ የደረሰው ሰውዬ ነው! ሁለቱ አውሮፓንና አሜሪካን በኮንሰርት ሲያዳርሱ ኖረው በ1855 መጨረሻ አውስትራሊያ ገቡ። ቦክሳ ጃንዋሪ 6 ቀን 1856 ሲድኒ ውስጥ ሞተ። አና መቃብሩ ላይ ሐውልት አቆመችለት። ፊርማ ሲያስመስል የኖረው እጅ የጻፋቸውን መልመጃዎች የሃርፕ ተማሪዎች ዛሬም ይለማመዱባቸዋል።