የከፋ ቁስለኛን ያስቀደመ ሐኪም

ዶሚኒክ ዣን ላሬ እ.ኤ.አ. በ1766 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም ሳለ ማዕረግም አገርም ሳያይ ቁስሉ የከፋውን አስቀድሞ ያክም ነበር፤ ተራው ወታደር ከመኮንኑ፣ ጠላትም ከወገን ሊቀድም ይችላል። በ1798 ግብጽን ከወረረው ጦር ጋር መዝመቱን ግን አንዘነጋም፤ እዚያ ቁስለኞችን በግመል ያጓጉዝ ነበር።

ደንቡ እኛም ዘንድ ደርሷል። ፍኖተ ሰላም ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ከቡሬ ገጠር በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ ቢቀድመን፣ በዘመድ ገባ ብለን እናጉረመርማለን። ነርሷ ግን ያየችው ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና ንቃቱን ነው፤ ቀይ የተባለ ወዲያው ይገባል፣ አረንጓዴ ይጠብቃል።

ላሬ በ1815 ዋተርሉ ላይ ተማርኮ ሊረሸን ሲል አንድ የጠላት ሐኪም አውቆት አስጣለው። የፕሩሲያው አዛዥ ብሉሸርም፣ ቀድሞ ልጁን ያከመለት እርሱ ነበርና፣ በሰላም ሸኘው። ያረፈው በ1842 ነው።