ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ የተቀበሉትን የከፈሉ ሰው

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ከሰው እጅ የተቀበልኸው መልካም ነገር ሁሉ ዕዳ መሆኑን አስበህ ታውቃለህን? የተማረ ሰው፥ ታሞ የዳነ ሰው፥ ንጹሕ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ባለ ዕዳ ነው። ይህም ዕዳ ብዙ ጊዜ ለሰጪው አይከፈልም፤ ሰጪው ሩቅ ነው፥ ወይም ሞቷልና። የሚከፈለው ያው ነገር ለጎደለበት ሰው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ትረዳ ዘንድ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት ባጭሩ እጽፍልሃለሁ።

ሐኪም ወርቅነህ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፥ ሦስት ዓመት ያህል የሆናቸው ሕፃን ነበሩ። በዚያ ሽብር ከወላጆቻቸው ተለዩ። ኰሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን አግኝቶ ወደ ሕንድ አገር ወሰዳቸው። እርሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኰሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስለዚህ ስማቸው ከሁለቱ ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርት ፈጽመው ሐኪም ሆኑ፤ በኋላም ወደ ስኮትላንድ ሄደው ዕውቀታቸውን ጨመሩ። ከዚያም በበርማ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሆነው ሕመምተኞችን ያክሙ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁም፥ አንባቢ ሆይ። እኒህን ሕፃን ያሳደገው አገራቸውን ሊወጋ የመጣ ጦር መኰንን ነው። ወላጆቻቸውን ያሳጣቸውና እንጀራ ያበላቸው ከአንድ ሰፈር ወጡ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛው ስለ ደረሰበት ግፍ ቂም ይዞ የተደረገለትን ቸርነት መካድ ነው። ሁለተኛው በቸርነቱ ተደላድሎ ወገኑን መርሳት ነው። ደመወዛቸው ደኅና፥ ማዕርጋቸውም የተከበረ ነበርና ሁለተኛው ፈተና ይልቅ የቀረባቸው ይመስለኛል።

እሳቸው ግን በ1892 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የእናታቸው ቋንቋ ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር፤ የገዛ ስማቸውንም አያውቁም ነበር። ወሬያቸውን የሰሙ አያታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በክንዳቸውና በእግራቸው ባለው ጠባሳ የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አወቁ። ወርቅነህ የሚለውም ስም በዚያን ጊዜ ተመለሰላቸው። የሕክምና ትምህርት ያለው ሰው በጭንቅ በሚገኝበት በዚያ ዘመን የአገራቸውን ሕመምተኞች ያክሙ ጀመር። የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ተምሮ ለአገሩ ሕዝብ በማገልገል ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

መመለሳቸው ባንድ ጊዜ የተፈጸመ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት አገልጋይ ነበሩና ደግሞ ወደ በርማ ሄዱ፤ እንደገናም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ እንደገናም ሄዱ። ጡረታቸውን ከተቀበሉ በኋላ ግን በአገራቸው ለመኖር ቆርጠው ተመለሱ። ሌላው ሰው ዕረፍት በሚፈልግበት ዕድሜ እሳቸው አዲስ ሥራ ጀመሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተዘጋጀውንም ትምህርት ቤት ይመሩ ነበር። በልዩው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። ከአፋቸው ጠፍቶ በነበረውም በአማርኛ የዓለምን መልክዐ ምድር የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፉ።

አሁን ደግሞ ወደ አንተ አገር የሚቀርበውን ነገር ስማ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል በዳንግላ ተቀምጦ ነበር፤ ሜጀር ቺዝማን የተባለው ቆንስልም ከዚያ እየተነሣ የጣናን ባሕርና የዓባይን ወንዝ ይመረምር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ባደረጉት ውል፥ ያለ ስምምነት በጣናና በዓባይ ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተወስኖ ነበርና የዚህ ውሃ ነገር የብዙ መንግሥታት ክርክር ነበረ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሐኪም ወርቅነህን በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ላኩ፤ እሳቸውም በኒውዮርክ ዋይት ከሚባል የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋራ በጣና ላይ ግድብ ስለ መሥራት ተነጋገሩ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። የዓባይ ውሃ ወደ ብርሃን የተለወጠው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው፤ በ1956 ዓ.ም. በጢስ ዓባይ፥ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወርዶ 460 ሜጋዋት በሚያመነጨው ጣቢያ። ዘሪው ሁሉ አጫጅ አይሆንም፤ ስለዚህ ግን መዝራት አይቀርም።

በኋላም የጨርጨር አገር ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ነበረች። በዚያ መንገድ ማሠራት ዋና ሥራቸው ሆነ። ሐኪም ስለ መንገድ ምን አገባው ትል ይሆናል። ነገር ግን በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ተሸክመዋት ገደል ለገደል ሲሄዱ ያየ ሰው መንገድ መድኃኒት መሆኑን ያውቃል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ባሳደጋቸው ሕዝብ ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ፤ ለቁስለኞችም ርዳታ ለመኑ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሆነው እልቂት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በጣሊያኖች ተገደሉ። ይህ ኀዘን የአባትን ልብ የሚሰብር ነው። ሆኖም ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ወደ አንተ ይመለሳል። ምናልባት አንተ ከጥርባ ወይም ከሌላ የአዊ ገጠር ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ለትምህርት የወጣህ ትሆናለህ። በከተማ ቧንቧ ትከፍታለህ፥ መብራት ታበራለህ፥ ሲያምህ ወደ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። አዊ ዝናብ የተትረፈረፈበት ምድር ነው፤ ነገር ግን የውሃ ብዛት ንጹሕ ውሃ ማለት አይደለም። ያልተከለለ ምንጭ ሰውና ከብት ባንድነት ይጠጡበታል፤ ጎርፍም ጉድፍ ያገባበታል፤ ከዚያ የሚቀዳው እንስራ ለሕፃናት ተቅማጥ ይዞ ይገባል። በኩራዝ ጢስ የሚያጠና ልጅ ዓይኑም ሳንባውም ይጎዳል።

ርዳታ ከሩቅ ሲመጣ አመስግነህ ተቀበል። ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል፤ በፀሐይ ኃይል የሚበራ ፋኖስ ይታደላል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ሥራ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተተክሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችን ያስተምራሉ፥ ሕፃናትን ይከትባሉ። ነገር ግን ሰጪው ይሄዳል። ከምንጩ በላይ ያለው የጎርፍ ቦይ ካልተጠረገ፥ አጥሩ ካልተጠበቀ፥ ለጥገና ጥቂት ገንዘብ በየወሩ ካልተዋጣ፥ የእጅ ፓምፑም ሲሰበር የሚጠግን ካልተገኘ፥ ሥራው ሁሉ በጥቂት ዓመት ይፈርሳል፤ እንስራውም ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ የሰጪው አይደለም፤ ማንበብና መቍጠር ተምሮ የውሃውን መዝገብ የሚይዝ ከመንደሩ ልጅ አንድ ስንኳ መጥፋቱ ነው።

በጥም ለተጨነቀ ሰው የሚሰጥ አንድ ጽዋ ውሃ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማይረሳ ተምረሃል። ለመንደር ሁሉ የሚሆነው ምንጭ ምንኛ ይበልጣል! ሐኪም ወርቅነህ ስማቸውን እንኳ ሳያውቁ ወደ ወገናቸው ተመለሱ። አንተ ግን ስምህን ታውቃለህ፥ ቋንቋህንም አልረሳህም፥ የመንደርህም መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ አይሞላም። ስለዚህ በሚመጣው የትምህርት ዕረፍት ወደዚያ ስትወርድ ባዶ እጅህን አትሂድ። ምንጩን እይ፤ ከሽማግሌዎች ጋራ ተቀመጥ፤ የጎደለውን ጠይቅ፤ በእጅህ ካለው ዕውቀትና ገንዘብ የምትችለውን ስጥ። ዕዳህን መክፈል ከዚያ ይጀምራል።