ደምን የመረመረው ሊቅ፤ ሩዶልፍ ፊርሾ

በሽታ የሚጀምረው ከሕዋስ መሆኑን አስፍቶ ያስተማረው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ ነው። ስሙን የምናውቅ ተማሪዎች ጥቂቶች ስለ ሆንን ታሪኩን በአጭሩ ለመጻፍ አሰብን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊርሾ በ1821 ዓ.ም. ሺፈልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ከተማይቱ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። በበርሊን ሕክምና ተምሮ በ1843 ከተመረቀ በኋላ፥ ሻሪቴ በሚባለው ሆስፒታል አስከሬን እየመረመረ የሞትን ምክንያት ይፈልግ ጀመር። በ1845 የአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛን አስከሬን ሲመረምር፥ ደሟ ከልክ በላይ በነጭ ሕዋሳት ተሞልቶ አገኘው። እንዲህ ያለውን ነገር መግል ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ እርሱ ግን የደም በሽታ መሆኑን ተረድቶ በ1847 ሉኪሚያ ብሎ ሰየመው። ሴትዮዋን ሲመረምር ዕድሜው ገና 23 ዓመት ነበረ፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም!

በ1848 መንግሥት የተስቦን በሽታ እንዲያጠና ወደ ላይኛው ሲሌዥያ ላከው። እርሱም የበሽታው ሥር የሕዝቡ ድህነትና አለመማር መሆኑን ጽፎ፥ መንግሥትን ራሱን ወቀሰ። በማግሥቱ ዓመት የበርሊን ሥራውን አጥቶ ወደ ቩርትስቡርግ ሄደ፤ የተመለሰው በ1856 ነው።

በ1863 ፊርሾ በካንሰር እባጭ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳትን ተመለከተ፤ ካንሰርም ሥጋ ለብዙ ጊዜ ተቆጥቶ በቆየበት ስፍራ ይነሣል ብሎ አሰበ። ይህ አሳቡ ዛሬ በሆስፒታል ይሠራበታል። ኔውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ቁጥር ሊምፎሳይት ለሚባሉት ቁጥር ይካፈላል፤ በ1930 የተገኘው ሲ-ሪአክቲቭ የሚባለው ፕሮቲንም ይለካል። በብዙ ዓይነት ካንሰር እነዚህ ከፍ ያሉባቸው ሕሙማን ባመዛኙ ዕድሜያቸው ያጥራል፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው መድኃኒትም ብዙ ጊዜ እምብዛም አይረዳቸውም። ነገር ግን የሳምባ ምች ወይም የተመረዘ ቁስልም ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው፥ ሐኪም በእርሱ ብቻ አይፈርድም።

ፊርሾም ቢሆን በአንድ ምልክት መመራት የሚያመጣውን ጉዳት አይቷል። በ1887 ከጀርመን አልጋ ወራሽ ከፍሬድሪክ ጕሮሮ የተቈረጠ ጥቂት ሥጋ መርምሮ ካንሰር አላገኘበትም። የጀርመን ሐኪሞች ጕሮሮአቸውን ሊቀዱ ተዘጋጅተው ሳሉ ነገሩ ቀረ። ፍሬድሪክ በ1888 ነግሠው በ99 ቀን ሞቱ፤ በሽታውም ካንሰር ነበረ። ምናልባት የተቈረጠችው ሥጋ በሽታው ካለበት ስፍራ አልነበረችም ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ቢደረግላቸው ይድኑ ነበር ወይ በሚለው ነገር እኛም በክፍላችን ተከራክረን አልተስማማንም።

ፊርሾ እስከ እርጅናው ድረስ ሥራውን አልተወም። በ1902 መጀመሪያ ከትራምዌይ ሲወርድ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ፤ ከዚያም ሳያገግም በመስከረም 5 ቀን በ80 ዓመቱ በበርሊን ዐረፈ።