የገበሬውን በደል በብዕራቸው የገለጡት የጎጃም ልጅ፦ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ (1902–1996 ዓ.ም.)

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተነሥተው ስለ ገበሬው መብት በድፍረት የጻፉትን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት ማስታወስ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፍቅር ታሪካቸው ነው። ሆኖም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አቅም ያለው ሰው አቅም የሌለውን እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ ትልቅ ትምህርት አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተቋቋሙበት ዓላማም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጀምረው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ቅኔን ጨምሮ ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ የሚያድረው ገበሬው በሚሰጠው ቁራሽ ነውና የባላገሩን ደግነትም ችግርም በቅርብ ለማየት በቅተዋል። ከዚያም አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ከተማሩ በኋላ በመምህርነት አገልግለዋል።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ሐዲስ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ራስ እምሩ ከጦርነቱ በፊት ጎጃምን ያስተዳደሩ፣ ከራሳቸው መሬት ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸውም ስማቸው የሚነሣ መስፍን ናቸው። ሐዲስ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶችም ለሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ጉልበት ያለው በሌለው ላይ እንደፈለገ ሲሆን ምን እንደሚመስል በራሳቸው ላይ ደርሶ አይተውታል ማለት ነው።

ከእስር ከተፈቱ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በእንግሊዝ አገር ኢትዮጵያን ወክለው ሠርተዋል። በአገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትር፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነዋል። ይህን ሁሉ ማዕረግ ይዘው ሳለ ግን ብዕራቸው የተነሣው ስለ ባላገሩ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተሰኘው ልብ ወለዳቸው ታሪኩ የሚፈጸመው በአብዛኛው በዚሁ በጎጃም ምድር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የተባሉ ባላባት አሉ። እኚህ ሰው ገበሬዎቻቸው ከተለመደው ግብር በላይ እንዲያመጡላቸው ይጠይቃሉ። ገበሬዎቹ የሚገባውን እንከፍላለን፣ ያልተለመደውን ግን አንጨምርም ብለው እምቢ አሉ። ፊታውራሪውም ተቆጥተው ጦር አስከትለው ዘመቱባቸው። መጨረሻቸው ግን አበጀ በለው በሚመራቸው ገበሬዎች እጅ መማረክ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ራሳቸውን እንደ ቀማኛ አይቆጥሩም ነበር። የሚጠይቁት ሁሉ በዘራቸውና በማዕረጋቸው የሚገባቸው ይመስላቸዋል። ደራሲው ያሳዩን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። በሰው ድካም መጠቀም አብዛኛውን ጊዜ የሌብነት ልብስ አይለብስም፤ ልማድና መብት መስሎ ይመጣል። የሚጠቀመው ሰው ራሱ እንኳ በደሉን ላያየው ይችላል።

መጽሐፉ ከታተመ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም በብዙ ወረዳዎች መነሣቱ ይታወሳል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጥቶ የጉልትና የጭሰኝነት ሥርዓት አበቃ። ፍቅር እስከ መቃብርም በአርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ሳይቀር ደረሰ።

ሐዲስ በ1974 ዓ.ም. ወንጀለኛው ዳኛ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ከዚያም የልም ዣትንና ትዝታን ጽፈዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው ተሰይሟል።

ታዲያ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመን ካለፈ በኋላ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ጉልት ቢቀርም የሰውን ችግር ተመልክቶ መጠቀም አልቀረም። ገበሬው ምርቱን በሰበሰበ ማግሥት የግብርና የዕዳ መክፈያ ሲያጣ፣ ችግሩን አይቶ ጤፉንና ስንዴውን በርካሽ የሚወስድ አለ። ሚዛን የሚያዛባ አለ። በክረምት አበድሮ ገና በማሳ ላይ ያለውን ሰብል በአራጣ የሚይዝ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው አንድ ገበሬ ብቻውን የማይመልሰውን ይህን ጉልበት በጋራ ለመመለስ ነው።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ ራሱ ሌላ ፊታውራሪ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲመጣ ለዘመድ የሚያስቀድም የኮሚቴ አባል፣ ሂሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ሳያቀርብ የሚቆይ አመራር፣ የሴት አባላትንና የአቅመ ደካሞችን ድርሻ ችላ የሚል ሠራተኛ ልማዱን እንደ መብት ቆጥሮታል ማለት ነው። አባሉም ቢሆን አፈርና ገለባ የተቀላቀለበትን እህል ለማኅበሩ ካስረከበ፣ ወይም ብድር ወስዶ መክፈል እየቻለ ካልከፈለ የሚጎዳው ጎረቤቱን ነው። የቁጥጥር ኮሚቴም ሆነ የወረዳ ባለሙያ ሥራው ይህን በጊዜ ማየትና ማረም ነው።

በአገራችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በሕይወት ዘመናቸው የገበሬው ቁና እንዳይጎድል ሲሉ ጽፈዋል። እኛም በዚህ በዓል ከምንደሰትበት ባሻገር በየመጋዘናችን ያለውን ሚዛን፣ በየመዝገባችን የሰፈረውን ሂሳብና በየጉባኤያችን የሚሰጠውን ድምፅ ትክክለኛ ብናደርግ፣ ለእኚህ ታላቅ የአካባቢያችን ልጅ ከሐውልት የሚበልጥ መታሰቢያ አቆምንላቸው ማለት ነው።