የነርቭን ጉዞ ያስተዋለው ሊቅ፤ የሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የሕይወት ታሪክ

የሽል አንጎል በሚሠራበት ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት ከተወለዱበት ስፍራ ተነሥተው ወደ መኖሪያቸው ይጓዛሉ፤ ከዚያም ቀጭን ክር እየሰደዱ በሩቅ ካሉት ጓደኞቻቸው ጋር ይገናኛሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን መንገዳቸውን አይስቱም። ታዲያ መሪያቸው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ መልስ የገመተው የእስፓኙ ተወላጅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። ታሪኩን ለዚህ የበዓል መጽሔት የመረጥነው ምርመራውን ያካሄደው የቢሾፍቱ ሰው በሚገባ በሚያውቀው ነገር፣ ይኸውም በዶሮ እንቁላል ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካሃል በ1852 ዓ.ም. ፔቲያ ደ አራጎን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ልጁ ግን ከትምህርቱ ይልቅ ሥዕል መሳል ይወድ ስለ ነበር ከአባቱ ጋር አይስማሙም ነበር። በ11 ዓመቱ በገዛ እጁ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር ሰብሮ ለጥቂት ቀናት ታሰረ። አባቱም ይቀጣ ዘንድ አንድ ጊዜ ለጠጉር አስተካካይ፣ ሌላ ጊዜ ለጫማ ሰፊ አስረክቦት ነበር። በኋላ ግን የሰው አጥንት እያሳየ የአካልን አሠራር ሲያስተምረው ልጁ ያየውን ሁሉ አሳምሮ ሣለው። ስለዚህ አባቱ የጠላው የሥዕል ፍቅር ለሕክምና ትምህርት በር ከፈተለት።

በ1873 ዓ.ም. በሳራጎሳ ከተማ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። በሚቀጥለው ዓመት የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ ወደ ኩባ ቢሄድም በወባ ተይዞ እጅግ ስለ ተዳከመ በ1875 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ካጠራቀመው ደመወዝም ማይክሮስኮፕ ገዛ። ከዚያ በኋላ በቫሌንሲያ፣ ቀጥሎም በባርሴሎና አስተማሪ ሆነ።

በ1887 ዓ.ም. ካሃል በኢጣሊያው ሊቅ በካሚሎ ጎልጂ የተገኘውን የማቅለሚያ ዘዴ አየ። ይህ ዘዴ በብር ጨው አማካይነት ከብዙ የነርቭ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ብቻ ከነቅርንጫፋቸው ያጠቁራል። ነገር ግን በአደገ እንስሳ አንጎል ውስጥ ክሮቹ እርስ በርሳቸው የተወሳሰቡ ስለ ሆኑ ጫፋቸውን መለየት ያስቸግራል። ካሃል ግን ክሮቹ ገና አጫጭር ሳሉ ልመልከታቸው ብሎ በእንቁላል ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ የቆየውን የጫጩት ሽል መመርመር ጀመረ። በ1888 ዓ.ም. እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ለብቻው የቆመ መሆኑን ገለጸ። ከእርሱ በፊት ግን ብዙዎቹ ሊቃውንት ነርቮች ሁሉ እንደ መረብ የተያያዙ ናቸው ይሉ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በሚያድገው ክር ጫፍ ላይ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ አካል አገኘ፤ ስሙንም የዕድገት ሾጣጣ አለው። የተመለከተው የሞተና የቀለመ ቁራጭ ቢሆንም ያ ጫፍ በሕይወት ሳለ እየዳሰሰ መንገድ ይፈልግ እንደ ነበር ተረዳ። በ1892 ዓ.ም. ግምቱን አስፋፍቶ አቀረበ፤ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ተሐዋሲ እንደሚሳብ፣ የነርቭም ክር ከሌሎች ሕዋሳት ወደሚመነጭ ንጥረ ነገር ይሳባል አለ። ንጥረ ነገሩን ለይቶ ለማውጣት የሚያስችል ጥበብ ግን በዚያ ዘመን አልነበረም።

ሌላም ችግር ነበረበት። የሚጽፈው በእስፓኝ ቋንቋ ስለ ሆነ የሌላ አገር ሊቃውንት አያነቡትም ነበር። እርሱ ግን በገዛ ገንዘቡ መጽሔት አቋቁሞ የመጀመሪያውን ዕትም በ60 ቅጂ ብቻ አሳትሞ ላከላቸው። ይህም ስላልበቃ በ1889 ዓ.ም. ማይክሮስኮፑንና ናሙናዎቹን ይዞ በርሊን ድረስ ሄደ። በስብሰባው ላይ ታላቁ ሊቅ ኮሊከር በዓይኑ አይቶ አመነ፤ ደጋፊውም ሆነ። በ1906 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለካሃልና ለጎልጂ በአንድነት ተሰጠ። ሆኖም ጎልጂ በሽልማቱ ንግግር የካሃልን አሳብ ተቃወመ። ካሃል በ1934 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ በማድሪድ አረፈ።

የመሪው ንጥረ ነገር ማስረጃ የተገኘው ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ከ25,000 ያህል የጫጩት ሽል አንጎል ኔትሪን የሚባል ፕሮቲን አጥርተው አወጡ። ስሙ መሪ ከሚል የሳንስክሪት ቃል የመጣ ነው፤ አንዳንዱን ክር ይስባል፣ ሌላውን ደግሞ ይገፋል። በ1995 ዓ.ም. ሪሊን የሚባለው ፕሮቲን ታወቀ። በአንጎል ቅርፊት ውስጥ በኋላ የተወለዱት ሕዋሳት ቀደምቶቻቸውን አልፈው ወደ ላይ መውጣት አለባቸው፤ ሪሊን የጎደላት አይጥ ግን ይህ ተራ ይዘበራረቅባታል፣ ስትሄድም ትንገዳገዳለች። በሰውም ላይ ሪሊን ሲጎድል የሕፃኑ አንጎል እንደሚገባው ሳይሸበሸብ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ሪሊንን የሚያመነጩት ካሃል በዘመኑ አይቶ የሣላቸው፣ ዛሬም በእርሱና በስዊድኑ ሊቅ በሬትሲየስ ስም የሚጠሩት ሕዋሳት ናቸው። ሥራቸውን ሳያውቅ መልካቸውን በትክክል አስቀምጦልናል።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው አለ። የካሃል መሣሪያ ማይክሮስኮፕ፣ እርሳስና የዶሮ እንቁላል ነበር። እንቁላሉ በከተማችን ሞልቷል፤ እርሳሱም በእጃችን ነው። የሚያስፈልገን ትዕግሥትና ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ መመዝገብ ነው። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ ካሃልም በእንቁላል ውስጥ የተደበቀውን ጉዞ ቀስ በቀስ አሳይቶናል።