አየርን ሲለካ የኖረው ሰው፦ ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ

ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ግራፍ አይጠፋም። እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ማለት ነው፤ የኪሊንግ ከርቭ ይባላል። መስመሩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ስለ ሰውየው ግን እምብዛም አይወራም። ይህች ጽሑፍ ስለ እሱ ናት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በ1928 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስክራንተን በተባለች ከተማ ተወለደ። በ1948 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቀ፤ ዶክትሬቱንም ከኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አገኘ። እንደ እሱ ያለ የኬሚስትሪ ምሩቅ በኢንዱስትሪ ውስጥ ጥሩ ሥራ አያጣም ነበር። እሱ ግን ተራራና ደን የሚወድ ሰው ስለነበር ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ካልቴክ በተባለው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የምድርን ኬሚስትሪ ማጥናት መረጠ።

እዚያ የጀመረው ጥናት በውሃ፣ በኖራ ድንጋይና በአየር መካከል ስላለው የካርቦን ሚዛን ነበር። ለዚህ ደግሞ አየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ችግሩ፣ በዚያን ጊዜ የነበሩት ልኬቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ኪሊንግ የሚሆነውን መሣሪያ ቢያጣ ጊዜ ራሱ ሠራ። በ1955 በካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደሚገኘው የቢግ ሰር ደን ሄደና ቀንም ሌሊትም፣ ከመኝታው እየተነሣ፣ በየጥቂት ሰዓቱ የአየር ናሙና በብርጭቆ ዕቃ ይሰበስብ ጀመር።

ውጤቱ የሚገርም ነበር። በደኑ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌሊት ይጨምራል፣ ቀን ይቀንሳል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀን ቀን ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ጋዙን ከአየር ይወስዳሉ፤ ሌሊት ደግሞ እነሱም አፈሩም ሲተነፍሱ መልሰው ይለቁታል። ኪሊንግ ሌሊት የተጨመረው ጋዝ ከዕፅዋትና ከአፈር የመጣ መሆኑን በካርቦን አይሶቶፖች አረጋገጠ። ለዚህ የተጠቀመበት የስሌት ዘዴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ የደንን ትንፋሽ የሚያጠኑ ሰዎች አሁንም ይሠሩበታል። ከሰዓት በኋላ አየሩ በደንብ ሲደባለቅ ግን፣ በተለያዩ ቦታዎች የለካው መጠን ተቀራራቢ ሆነ፤ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 310 አካባቢ። ስለዚህ ቦታው በጥንቃቄ ከተመረጠ፣ በአንድ ሥፍራ ቆሞ የሰፊውን ከባቢ አየር ሁኔታ መከታተል ይቻላል ማለት ነው።

በ1956 ወደ ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተዛወረ። በማርች 1958 በሃዋይ፣ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በኢንፍራሬድ የሚሠራ መለኪያ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ንባብ 313 ነበር። በሚቀጥሉት ወራት መጠኑ እስከ ሜይ ይወጣል፣ እስከ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ቢግ ሰር ላይ በቀንና በሌሊት ያየውን ትንፋሽ አሁን በዓመት ወቅቶች አየው፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት ሲለመልሙ ጋዙን ይስባሉ፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ይመለሳል። ግን የተመለሰው ከተወሰደው ጋር አልተካከለም። የእያንዳንዱ ዓመት መጠን ካለፈው ይበልጣል። ኪሊንግ ጭማሪውን በ1960 አሳተመ፤ ዋናው ምክንያት የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት መቃጠል ነው።

እንዲህ ያለ ግኝት ከተገኘ በኋላ ገንዘብ አይቸግረውም ብለን እናስብ ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1964 በጀት ተቆርጦ የማውና ሎዋ ልኬት ለጥቂት ወራት ተቋረጠ፤ ክፍተቱ እስከ ዛሬ መዝገቡ ላይ አለ። በኋላም ገንዘብ ሰጪዎቹ፣ ያንኑ ነገር ደጋግሞ መለካት የተለመደ ክትትል ነው እንጂ ምርምር አይባልም የሚል ክርክር አነሡበት። በ1970ዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የራሱን ልኬት እዚያው ሲጀምር እንኳ ኪሊንግ የራሱን አላቆመም። ሁለት መዝገብ ካለ አንዱ የሌላውን ስህተት ያጋልጣል።

ይህ ግትርነቱ በ1996 ፍሬ አፈራ። ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የዓመቱ መውጣትና መውረድ ራሱ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሃዋይ 20 በመቶ፣ በአርክቲክ አካባቢ ደግሞ 40 በመቶ ያህል መስፋቱን አሳየ። ምድር ላይ ያለው ዕፅዋት አተነፋፈሱን እየቀየረ ነበር ማለት ነው። ይህን በሦስት ዓመት የምርምር ፕሮጀክት ማን ያየዋል? ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተተወ መዝገብ የግድ ነበር።

ኪሊንግ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ከተሸለመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጁን 2005 በ77 ዓመቱ ሞንታና ውስጥ በልብ ሕመም አረፈ። ሲጀምር 315 አካባቢ የነበረው መጠን እሱ ሲሞት 380 ደርሶ ነበር፤ የ2024 አማካይ ደግሞ ከ424 በላይ ሆኗል። መዝገቡን ልጁ ራልፍ ኪሊንግ ተረከበው።

ዛሬ በደን፣ በረግረግና በእርሻ ላይ የቆሙ ማማዎች ነፋሱንና ጋዙን በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ይለካሉ። መሣሪያው ከኪሊንግ ብርጭቆ በጣም ርቋል። ሆኖም ዝናቡና ሙቀቱ በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ አንድ ማማ በአንድ ዓመት ብቻ ስለ አንድ ደን ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ከመካከላችን ይህን ሙያ የሚመርጥ ካለ አስቀድሞ ይወቀው፤ ሥራው መሣሪያ ማስተካከል፣ ቁጥር መጻፍና በጀት መለመን ነው፤ ውጤቱ ደግሞ ምናልባት የሚታየው ለተተኪው ሊሆን ይችላል። ኪሊንግ ይህን እያወቀ ነው ወደ ሃምሳ ዓመት የቆየበት።